ሞልቶ የተመለሰው ሰሃን

ባለፈው እሁድ የድሮውን ትምህርት ቤት በር ሲከፍቱት ያ ሽታ፣ የአሮጌው ጣውላ ወለልና የጠመኔው፣ እንደ ሰፈር ወሬኛ ሳያንኳኳ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ጉብ አለ። የወረዳው ሰዎች የሰበሰቡን ቤቱ ምን ቢሆን ይሻላል ብለው ሊጠይቁን ነው። አንዱ ቤተ መጻሕፍት ይላል፣ አንዱ ሙዚየም፣ አንዷ ጥፍሯን የተቀባች ልጅ ደግሞ «አሪፍ ካፌ ይወጣዋል» ትላለች። እኔ ግን ዓይኔ መስኮቱ ላይ ቀርቷል።

እዚህ ተማሪው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነበር። እኔማ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክሜ ወደ የካ ስወርድ ከነሸክሜ መስኮቱ ስር ቆሜ ከሕፃናቱ ጋር «ሀ ሁ» እላለሁ፤ መምህሩ ብቅ ሲሉ ቅጠሌ ውስጥ ተደብቄ እንደ አህያ አናፋለሁ። እሳቸውም እናቴን «ይቺ አህያሽ በመስከረም ትመዝገብ» አሏት።

መስከረም ሳይደርስ ደርግ ቤቱን ወሰደው። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመታ፣ ትምህርት ቤቱ እስር ቤት ሆነ፣ ታደሰንም እዚያው በተማረበት ክፍል አሰሩት። ስንቅ አመላላሿ እኔ ሆንኩ። በር ላይ ጥበቃው ምግቡ መርዝ እንዳይኖረው «ቅመሺ!» ይለኛል፤ እኔ ሆዳሟ ደግሞ ቅመሺ ካሉኝ ወዲያ አልመለስም። «አንቺ፣ ቅመሺ እንጂ ጨርሺ አልኩሽ?» ብሎ ሰሃኑን ይነጥቀኛል። ታደሰ ታዲያ ሆዴን ያውቀዋል፤ ሰሃኑ ሲመለስ ጥጉ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ጉርሻ አለች፣ የኔ ናት፣ መንገድ ላይ ዋጥ አደርጋታለሁ። እናቴም የተላሰውን ሰሃን ስታይ «ተመስገን፣ በላልኝ» ትላለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰሃኑ እንደሞላ ተመለሰ። ጥበቃው ፊቴን ሳያይ «ውሰጂ፣ ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። እኔ ደስታዬ! አታምጪ ካሉማ ሊፈቱት ነው፣ ምግቡንም ሁሉን ለኔ ተወልኝ ብዬ፣ እናቴ ትይልኝ ብዬ ሳልነካው በረርኩ።

«እማዬ! ወንድም ጋሼ ሁሉንም ለኔ አስተረፈልኝ!»

እናቴ ሰሃኑን አየችው። ያኔ ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

በኋላ ያ ቤት መሠረተ ትምህርት ተሰጠበት፣ ደግሞ የቀበሌ ዱቄት መጋዘን ሆነ። እናቴ ግን በዚያ ደጅ አላሳልፍሽም አለች፣ እኔም ፊደል ሳልቆጥር አረጀሁ። ስልኩን ገልብጬ ስይዝ የልጅ ልጆቼ በሳቅ ይሞታሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ግን ከቆርቆሮው ጀርባ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲያኝክ እሰማለሁ።

ሰብሳቢው ወደኔ ዞሮ «እማማስ ምን ይላሉ? ለእርስዎ ሙዚየሙ ይሻላል አይደል?» አለኝ።

«ካፌ ይሁን» አልኩት። «ከዚያች ክፍል ሰሃን ባዶውን ሲወጣ ልይ።»

«እማማ ርቧቸዋል!» አለች ባለጥፍሯ፣ ቤቱም በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነቷን ነው። ያቺ የጥግ ጉርሻ ከቀረችብኝ ወዲህ ጠግቤ አላውቅም።