ሽፋን ለብሰው የከረሙት ኮምፒውተሮች

የኮምፒውተር መምህራችንን ተማሪው ሁሉ «ካዝናው» ይላቸው ነበር፤ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከአንገታቸው አያወልቁምና። ኮምፒውተሮቹ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት እሳቸው ለዓመታት ደጅ ጠንተው ነው። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ከመጋረጃ ቁራጭ አበባማ ሽፋን ሰፍተው አለበሷቸው፤ መምህራችንም እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቋቸው ጀመር። አቧራ እንዳይገባባቸው፣ የእኛም እጅ እንዳያበላሻቸው ሲባል ፕሮግራም መጻፍን የተማርነው በጠመኔ ነበር።

ትምህርታቸው ግን የሚናቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አንዳችን ፕሮግራሙን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፤ እሳቸው መስመር በመስመር እያነበቡ የታዘዙትን ይፈጽማሉ። አንዲት ምልክት ከተረሳች ጠመኔያቸውን እንዳነሡ ድርቅ ይላሉ፤ ስሕተቱ እስኪገኝ ንቅንቅ የለም። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ጠረጴዛውን እንዲዞሩ አዝዞ፣ ዙሩ የት እንደሚያበቃ ሳይጽፍ በመቅረቱ፣ ደወል እስኪደወል ድረስ ጠረጴዛውን ሲዞሩ ቆዩ።

«ኧረ ቲቸር፣ ያዞርዎታል» ብንላቸው፣

«ማሽን አያዞረውም፤ እናንተው አስቁሙኝ እንጂ» አሉ ሳይቆሙ።

እኔ ከክፍሌ አንደኛ ነበርሁ፤ ያልተጻፈ ፕሮግራም እንኳ ከዳር እስከ ዳር ይታየኛል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ያሸነፈ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስን በነፃ የመማር ዕድል ያገኛል። ያ ዕድል የእኔ ለመሆኑ አልተጠራጠርሁም፤ እናቴማ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። ከውድድሩ በፊት ለጥቂት ቀናት ሽፋኑን እንዲያነሡልኝ መምህራችንን ብለምናቸው፣ ዋናው ማሰብ መሆኑን፣ ቁልፍ መምታት የማንም ጣት የሚለምደው ነገር መሆኑን አስረዱኝ። አመንኋቸው።

በውድድሩ ቀን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዳነበብሁ መልሱ ታየኝ። ጣቴ ግን ገበያ መካከል እናቱ እንደጠፋችበት ልጅ ከቁልፍ ቁልፍ ይባዝን ጀመር። ሰሌዳ ላይ በአንድ ጭረት የምሥላት ጠምዛዛ ቅንፍ፣ ሌላ ቁልፍ አብሮ ካልተጫኑ አትወጣም ኖሯል። መጠየቅ ደግሞ ክብሬ አልፈቀደም። ከጎኔ የተቀመጠው ተወዳዳሪ እንደ በረዶ ያወርደዋል። ቅንፏን ባገኘኋት ጊዜ እሱ ሁለተኛውን ጥያቄ ጨርሶ ነበር። ሰዓቱ ሲያበቃ የሁሉም ጥያቄ መልስ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ግን የአንዱ ብቻ፣ እሱም ጎደሎ። መምህራችን በበሩ መስታወት ሲያዩኝ ቆይተዋል።

በማግስቱ ቤተ ሙከራውን ከፍተው ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ገፈፉ። ግማሾቹ ኮምፒውተሮች ጨርሶ አልነሣ አሉ። የተነሡትም የውስጥ ባትሪያቸው ሞቶ፣ ቀኑን ወደ ተሠሩበት ዓመት መልሰውታል። አቧራ ግን አንዳቸውም ላይ አልነበረም።

«ለእናንተ ብዬ እኮ ነው ያስቀመጥኋቸው» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

«እኛማ ልንጨርስ ነው፣ ቲቸር» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በሩ ላይ ሰክተውት ወጡ።

ያ በር ከዚያ ወዲህ አልተቆለፈም። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በቀሩት ኮምፒውተሮች ላይ እየተጋፉ የፊደል ቁልፎቹን ይቀጠቅጧቸዋል፤ መምህራችንም ከኋላ ቆመው ያያሉ። እኔም እስክንመረቅ ድረስ ከክፍል በኋላ እየገባሁ ተለማመድሁ። ቅንፏን ዛሬ ሳላይ እመታታለሁ። ዕድሉን ያገኘው ግን ያ በውድድሩ ከጎኔ የተቀመጠው ተወዳዳሪ ነው።