የሚዜው ድንጋይ

አባቴን የገደለው የገዛ ሚዜው ነው። ሚዜ ስል ለሰርግ ቀን ብቻ የቆመ አጃቢ አይደለም፤ እናቴን ከወላጆቿ ቤት ሲያስወጣ ወንድም ልሆናት ብሎ የማለ ሰው ነበር። ጣሊያን ዲላ ሲገባ ባንዳ ሆነ። አባቴ ጨው ነጋዴ ነበር። ጫካ ላሉት አርበኞች ጨው ያቀብላል ብሎ የጠቆመው እሱ፣ ወናጎ መንገድ ላይ አድፍጦ ከጀርባው የተኮሰበትም እሱ።

በማግስቱ ገበያ መሃል ጠመንጃውን ወደ ላይ እያነሳ ገዳይ፣ ገዳይ እያለ ፎከረ። እኛ ቤት ይህ ቃል የተከበረ ነበር፤ አያቴ አንበሳ ጥለው ያገኙት ስም ነው። እናቴ ለቅሶ ላይ ሆና ፉከራውን ሰማች።

«ገዳይ የሚባለው ፊት ለፊት የገጠመ ነው። ይሄ ነፍሰ ገዳይ ነው። በገዛ አፉ እስኪለው ድረስ ከሌን አላወልቅም» አለች።

ከሏን፣ ያን ለሐዘን ጥቁር የተነከረ ቀሚስ፣ ሦስት ዓመት ለበሰችው። ብብቱ ሲቀደድ ጣፈችው። እኔ ደግሞ ሰውየው በደጃችን ባለፈ ቁጥር እንዲሞት እመኝ ነበር፤ ያውም ቀስ ብሎ እንዲሞት።

ጣሊያን ሊወጣ ነው ሲባል ፈራ። አንድ ረፋድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጃችን ተንበረከከ። በወጉ ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ወገን ብቻ ነው፤ ካወረደ ይቅር ብሏል።

«ላጠፋሁት ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ምን አጠፋህ?»

«የወንድሜ ሞት...»

«ወባ የያዘውም ይሞታል። አንተ ምን አደረግህ?»

«ታዝዤ ነው። ገደልኩት።»

«እሱንማ ፎክረህበታል።»

ላቡ መሬቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አንደኛው ሽማግሌ የገዴኦ ሰው ናቸው፤ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው «ልጄ፣ ከበደው፤ አውርድለት» ብለው ለመኗት።

«ነፍሰ ገዳይ ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «የተገደለው አባትሽ ነው። አውርጂ ካልሽኝ አወርዳለሁ።»

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንገቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የአባቴ ሬሳ በቃሬዛ ሲመጣ ጀርባው ላይ የነበረችው ቀዳዳ ታወሰችኝ፤ ጣቴ የምታህል ነበረች።

«ይሸከም» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ለምነው ለምነው ሲደክማቸው ተነሱ። እሱም ድንጋዩን ራሱ ማውረድ አይችልምና እንደተሸከመ፣ በፎከረበት ገበያ መሃል አቋርጦ ሄደ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቆ ያየው ነበር። ደስ አለኝ። ዛሬም፣ አርጅቼም፣ ሳስበው ደስ ይለኛል።

እናቴ ጓዳ ገብታ ከሏን አወለቀች። እኔ ግን ሰውየው ከዓይኔ እስኪጠፋ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ በወደቀ እያልኩ አየሁት።