ከዱብሉቅ ጉድጓድ የወሰድኩት ዘፈን

ዱብሉቅ ጉድጓድ ላይ ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ሲያወጡ ይዘፍናሉ። ከብቱ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚጠጣው፤ የባለቤቱን ድምፅ ሲሰማ ተራው እንደደረሰ ያውቅና ወደ ገንዳው ይወርዳል። የጓደኛዬ አባት የላሞቻቸውን ስም እየጠሩ ሲዘፍኑ ሰምቼ፣ "አባባ፣ ይሄን ዘፈን ይስጡኝ" አልኳቸው። "ውሰድ" አሉኝ፣ "ግን ውሃ በሌለበት እንዳትዘፍነው።" የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ናቅሁት።

እኔ ነገሌ ያደግሁ የአስተማሪ ልጅ ነኝ። ያኔ ጸጉሬን አጎፍሬ የሮክ ዘፋኝ ነኝ እል ነበር፤ ዕውቀት የለ፣ ድፍረት ብቻ። ዘፈኑን በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም አጣድፌ ካሴት ላይ አወጣሁት። መግቢያው ላይ ደግሞ፣ ይድመቅልኝ ብዬ፣ በቴፕ የቀዳሁትን የእሳቸውን ድምፅ አስገባሁ። ሰው ወደደልኝ፣ በየሠርጉ ተጨፈረበት፣ እኔም ልቤ አበጠ።

አንድ ቀን የዱብሉቅ ባለሱቅ ካሴቱን በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። የእሳቸው ላሞች ሁለት ቀን ሳይጠጡ ከግጦሽ ሲመለሱ የባለቤታቸውን ድምፅ ሰሙና ሮጠው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ገንዳ የለ፣ ውሃ የለ። አባባ ደርሰው ቢጎትቷቸው ቢለምኗቸው ላሞቹ እንቢ አሉ። በዱላ መትተው ነው ያባረሯቸው፤ መትተዋቸው አያውቁም ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ፣ "ለከብቶቼ ውሸታም አደረግኸኝ" ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሰላምታዬን አልመለሱም።

ጸጉሬ ሲያልቅ የድሮ ዘፈኖቼን ሁሉ በአንድ ጊታር ብቻ፣ ቀስ አድርጌ እንደገና ቀረጽኳቸው። ሌሎቹን ስምንቱን ሰው ይስማቸው፣ ይተዋቸው፣ ግድ አልነበረኝም። የጉድጓዱን ዘፈን ግን አባባ ሰምተው ይቅር ካላሉኝ አልበሙን አላወጣውም ብዬ ወሰንኩ።

አገሩን ድርቅ ከመታው ወዲህ እሳቸው ነገሌ ልጃቸው ቤት ነበሩ። "አካም፣ ናጋ?" ብዬ በቋንቋቸው ሰላም አልኳቸው በሩ ላይ ቆሜ።

"ናጋ" አሉኝ። መለሱልኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

አዲሱን ቅጂ ስልኬ ላይ ከፍቼ ጆሯቸው ሥር ያዝኩላቸው። የመጀመሪያዋን ላም ስጠራ፣ "እቺ ወደ አሬሮ ስንሰደድ መንገድ ላይ ወደቀች" አሉ። ሁለተኛዋን ስጠራ፣ "እቺን ሣር ልፈልግላት ሄጄ ስመለስ ሞታ አገኘኋት።" ሦስተኛዋ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲትም እንዳልተረፈች ያን ጊዜ ገባኝ። አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር። ዘፈኑን ልዘጋው ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ተወው፣ አትዝጋው" አሉኝ። "ሁሉም ይጠሩ።"

አሥራ አንዱም ተጠሩ። ዘፈኑ ካለቀም በኋላ ላሞቹ የሚመጡ ይመስል ወደ በሩ እያዩ ነበር። የመጣሁበትን ሳልናገር ተነስቼ ወጣሁ።