ሲሞቱ የሚነጡ ዓሦች

የዶርማችን የቧንቧ ውሃ ጠዋት ጠዋት ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ይታጠቡበታል፣ ጥርሳቸውን ይቦርሹበታል፣ ማንም ምንም አይልም። እኔም እስካለፈው ወር ድረስ ምንም አላልኩም ነበር። አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህራችን ላብራቶሪ ውስጥ ስለ ውሃ ማከም ሲያስረዱን፣ ለሰው ደኅና ነው በምንለው ውሃ ውስጥ ያለው ጥቂት ክሎሪን እንኳ የዓሣን መተንፈሻ፣ ስንጥቡን፣ አቃጥሎ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው እንደሚችል ነገሩን። ቀጥለውም፣ “ይህን የውሃ ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል” አሉ። ሌሎቹ ጻፉት። እኔ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ መምህሩ ያሉትን ሁሉ የምጽፍ ተማሪ ነኝ፤ ያን ቀን ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አባቴ የውሃ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው።

ልጅ እያለሁ ጋምቤላ ውስጥ ለእኔ ሁለት ዓይነት ውሃ ነበር። አንደኛው ባሮ ነው፤ ጭቃ፣ ሳሙናና ዓሣ ይሸታል። ሁለተኛው አባዬ ሽታውን ከሥራ ይዞት የሚመጣው ነው። አባዬ ኩሌና ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የሚታደለውን ውሃ በክሎሪን የሚያክም ቴክኒሻን ነበር። ሰኞ ማለዳ በነጭ ላንድክሩዘር ይሄዳል፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የሸሚዙ እጅጌ ክሎሪን እየነካው ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር። በር ላይ ሮጬ ስጠመጠምበት አፍንጫዬ እዚያ እጅጌ ላይ ያርፋል። ለእኔ የአባት ሽታ ማለት ያ ነበር። የእኔ አባት ንጹሕ ንጹሕ ይሸታል ብዬ እኮራ ነበር።

የመስታወት ገንዳው ቤታችን የመጣው አንድ የውጭ አገር ባልደረባው ሥራ ጨርሶ ሲሄድ ትቶለት ነው። አባዬ “ዓሣ የሚያኖሩበት ነው” ቢላት፣ እማዬ “እኛ ዳቦ እናኖርበታለን” ብላ ከጉንዳን መሸሸጊያ አደረገችው። ለአንድ ዓመት ያህል ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ዳቦአችንን በመስታወት ውስጥ እያየ ሻዩን ይጠጣ ነበር። በመጨረሻ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ስትገዛ ገንዳው ለእኔ ደረሰኝ። በማግስቱ ለአሪየት ነገርኳት።

አሪየት በክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ የአኙዋ ልጅ ነበረች። እናቷ ባሮ ዳር ዓሣ ይሸጡ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የጋምቤላ ልጆች ያንን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የቆርቆሮው ጣሪያ ጭንቅላታችንን አግሎታል፣ ከዛፍ ሥር የወደቀ ማንጎ ይሸታል፣ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለልን፣ ደብተራችንን ድንጋይ ላይ እየተውን ወደ ውሃው እንወርዳለን። በበጋ ባሮ ሲጎድል ዳር ዳሩን ትንንሽ ኩሬዎች ትቶ ይሄዳል። ከተቀደደ አጎበር የቆረጥነውን ጨርቅ በአንዱ በኩል አሪየት፣ በሌላው በኩል እኔ ይዘን ኩሬዎቹን እናስስ ነበር። መስታወት ዓሦች ያልናቸውን ያገኘናቸው እዚያ ነው። ርዝመታቸው ከጣቴ አይበልጥም። የጀርባ አጥንታቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቆጠራል፤ ሆዳቸው ከጭንቅላታቸው ሥር ተሰብስቦ እንደ ብር ያበራል፤ ከአፋቸው ዳር ቀጫጭን ጺም አላቸው። አሪየት አንዱን መዳፏ ላይ ስታስቀምጠው የእጇን መስመሮች በእሱ ውስጥ አሳልፌ አየኋቸው። እናቷ “ይሄ ለድመትም አይበቃም” ብለው ሳቁብን፤ ግን የምንወስድበት ባልዲ ሰጡን።

መጀመሪያ ዳቦ ፈርፍረን ሰጠናቸው። ፍርፋሪው ወርዶ ገንዳው ሥር ተኛ፣ ውሃው ኮመጠጠ፣ ሦስቱ ሞቱ። ሲሞቱ ምን እንደሚሆኑ ያየሁት ያኔ ነው። በሕይወት እያሉ ውስጣቸው ሁሉ የሚታየው ዓሦች ሲሞቱ እንደ ወተት ይነጣሉ፤ አጥንታቸውም ሆዳቸውም አይታይም። አሪየት አላለቀሰችም። ገንዳው ፊት ተንበርክካ የቀሩትን ብዙ ቆይታ አየቻቸው። “የተኛ ነገር አይፈልጉም፤ የሚሮጥ ነገር ነው የሚበሉት” አለችኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከተጣለ ጎማ ውስጥ የትንኝ እጭ በጣሳ ቀድታ መጣች። እጮቹ እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ዓሦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ቀለቧቸው። የተዋጠው እጭ ሆዳቸው ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ማን በላ፣ ማን ቀረ ብለን እንቆጥር ነበር።

ከዚያ ደንብ አወጣን። ጣሳው አንድም ትንኝ እንዳይወጣበት አፉ ሁልጊዜ በአጎበር ጨርቅ ይታሰራል። ቀን ብርሃን ስለማይወዱና ከድንጋዩ ጀርባ ተጠጋግተው ስለሚውሉ፣ የሚበሉት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ውሃው ከባሮ በጄሪካን መጥቶ፣ ሁለት ቀን ቆሞ፣ ደለሉ ሲወርድ ከላይ ከላይ ይቀዳል። ይህን ሁሉ ያሰበችው አሪየት ናት፤ የእኔ ድርሻ ደብተር ላይ ጽፎ በቀይ ማስመር ነበር። አሥራ አንድ ዓሦች አንድም ሳይሞትብን ወራት ቆዩ።

አንድ እሑድ የአባዬ ኃላፊ ቤታችን ምሳ ተጋበዙ። ገንዳውን ሲያዩ ሳህናቸውን ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ነውና ይህ ነገር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እንዴት ጥሩ ነበር አሉ። “እንግዶች ሪፖርት አያነቡም፤ ዓሣ ግን ያያሉ።” ሁሉም ሳቀ። ወደ እኔ ዞረው “ጨዋ ልጅ ናት፤ ለአንድ ቀን ታውሰናለች፣ አይደል?” አሉኝ። አባዬ አየኝ፣ እማዬ አየችኝ። “እሺ” አልኩ። እማዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ደስ አለኝ። ዛሬ ከብዙ ነገር ይልቅ የሚያናድደኝ ያ ደስታዬ ነው።

በማግስቱ ለአሪየት ስነግራት “እኔን ጠየቅሽኝ?” አለችኝ።

“ለአንድ ቀን ነው።”

“አንዱ ቀንም የእኔ ነው። ውሃቸውን ይቀይራሉ?”

“አይቀይሩም።”

አላመነችኝም። ገንዳው በሚወሰድበት ጠዋት በራችን ላይ ቆማ አባዬን ጠበቀችው። አሪየት በአማርኛ ስታወራ ለትልቅም ለትንሽም “አንተ” ነበር የምትለው። “አባባ፣ ውሃቸውን አትቀይርባቸው። የባሮን ነው የሚያውቁት” አለችው። አባዬ ራሷን ዳሰስ አድርጎ “አይዞሽ፣ እኔ አለሁ” አላት። ይህንን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው። እኔ አለሁ አላት።

አመሻሽ ላይ አባዬና ሹፌሩ ገንዳውን ተሸክመው መለሱት። አሪየት የእጭ ጣሳዋን ይዛ ቀድማ መጥታ ነበር። ውሃው እንደዚያ ጠርቶ አይቼው አላውቅም። አሥራ አንዱም ነጭ ሆነው ከላይ ተንሳፍፈዋል። አሪየት ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ውሃው አስጠጋች፣ ቀና አለችና “ውሃው የአባትሽን ሸሚዝ ይሸታል” አለችኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ሸተተኝ።

እማዬ ከጓዳ ወጥታ ምን ነካቸው ብላ አባዬን ጠየቀችው። አባዬ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ “እንጃ፣ ውሃው ቆሽሾባቸው ይሆናል” አለ። የእማዬ ዓይን አሪየት እጅ ላይ ካለው ጣሳ ላይ አረፈ። “እኔ ድሮም ብያለሁ” አለች። “በወባ አገር ትንኝ እያረባች ቤቴ ታስገባለች። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቆሻሻ ይዘሽ እዚህ ግቢ እንዳትረግጪ።” አሪየት እኔን አየችኝ። “አንቺም አሽትተሻል። ንገሪያት።” አባዬ ሁለተኛውን ጫማ እየፈታ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አሪየት ጣሳዋን በራችን ላይ ደፍታ ሄደች። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቦታ ቀይራ ኋላ ተቀመጠች። እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተማርን፤ ከሰላምታ በቀር የተነጋገርነው የለም። እማዬ ገንዳውን በፈላ ውሃ አጥባ ዳቦዋን መለሰችበት።

ዓመታት ሙሉ ለራሴ የነገርኩት አባዬ አላወቀም ብዬ ነው። ቢሮው ውሃውን ቀየረው፣ አባዬ ሳያስበው አጠፋ፤ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ባለፈው ወር ከላብራቶሪው ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ደወልኩለት። ክሎሪን ዓሣ እንደሚገድል ያኔ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። የሳሎናችን ማራገቢያ ሲንቋቋ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

“ለኃላፊው ነግሬያቸው ነበር፣ ልጄ” አለ። “‘ገንዳው ውስጥ ያለው እኛ ያከምነው ውሃ ካልሆነ ምኑን እናሳያለን? ለሁለት ሰዓት ምን ይሆናሉ?’ አሉኝ። ኮንትራቴ የሚታደስበት ወር ነበር። እሺ አልኩ።”

“ስለ ዓሦቹ አይደለም የምጠይቅህ። እማዬ አሪየትን ስታባርራት የት ነበርክ?”

“እዚያው ነበርኩ” አለ።

አባቴን እወደዋለሁ። ግን ንዴቴን በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። ለኃላፊው እሺ ማለቱን ይቅር እለዋለሁ፤ እኔም ብዬአለሁና። ይቅር ማለት ያቃተኝ ያ ጫማ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ “ልጅቷን ተዪያት፣ ክሎሪን ነው” ማለት። የጫማ ማሰሪያ ለመፍታት የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አይወስድም። ሂድና ለአሪየት ንገራት አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አባቴን ሳናግር የመጀመሪያዬ ነበር። እሺ አለ።

አሪየት አሁንም ጋምቤላ ናት፣ ኮሌጅ ትማራለች። ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ወፍሯል፤ አባባሏ ግን ያው ነው።

“አባትሽ መጥቶ ነበር። ወንበር ሰጠነው፣ አልተቀመጠም። ክሎሪኑ ነው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።” ትንሽ ሳቀች። “ሳምሪ፣ እኔ እኮ ድሮም አውቃለሁ። የማታውቀው እናትሽ ናት። ዛሬም ገበያ ውስጥ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።”

አባዬ እውነቱን ቀድሞ ለምታውቀዋ ነግሮ፣ ለማታውቀዋ ሳይነግር ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስለዚያ ገንዳ አሰብኩ። ያኔ ባሮ ዳር አንድ የተቀደደ አጎበር ለሁለት ይዘን ስንቆም፣ ከእናቷ ዓሣ መደብ የሚመጣው ሽታ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ ሲከተለን፣ የበላነውና ያልበላነው ሁሉ ለሰው የሚታይ ይመስለኝ ነበር። ዓሦቹ የተሸፈኑት ሲሞቱ ነው፤ እኛ ቤት ግን ሁላችንም በሕይወት እያለን ተሸፈንን። አሁን ከጋምቤላ ሩቅ ነኝ። እዚህ የሚሸተኝ ወንዝ የለም፣ የሚሸተኝ ጠዋት ባልዲዬ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ድሮ አባቴ መጣ ብዬ የምሮጥለት ሽታ ዛሬ ፊቴን ሳልታጠብ ይመልሰኛል። አባዬ ላይ ብቻ መናደድ ቀላል ይሆንልኝ ነበር። ግን እኔም አፍንጫ ነበረኝ።

ለእማዬ ደወልኩላት። ኃላፊው ያሉትን፣ አባዬ ያለውን፣ ውሃው የሸተተውን፣ ጣሳው ንጹሕ እንደነበረና አፉ በጨርቅ ታስሮ እንደሚውል፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት።

“ታዲያ ያቺ ልጅ ያኔ ለምን አልተናገረችም?” አለች።

“ተናግራ ነበር፣ እማዬ። ለእኔ ነው የነገረችኝ።”