እህቴ የተኛችበት ጠዋት

እህቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ሰው ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት «አንሶላ አጥፋለሁ» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ሌላውን እኔ አውቀዋለሁ፤ እሷ እንደማትናገረው ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ቤታችን ሁለት ሰው ነን። እናታችን ስትሞት እሷ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ልብስ ሰፊ ቤት ገባሁ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እቀመቅማለሁ። እሷን ግን አስተማርኳት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የተገኘው የሆስፒታሉ እጥበት ክፍል ሆነ።

«ለጊዜው ነው፣ እታለም» አለችኝ።

ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚረዝም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም «አዎ፣ ለጊዜው ነው» አልኳት።

እጥበት ክፍሉ ምድር ቤት ነው። በአንዱ በር ቆሻሻው በጋሪ ይገባል፣ በሌላው ንጹሑ ይወጣል። መሐሉን ማጠቢያዎቹና ማድረቂያዎቹ ይዘውታል፤ ከነሱ ወዲያ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ አንሶላ የሚያጎርሰው ትልቁ መተኮሻ አለ። በረኪናው ዓይን ያቃጥላል። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ሴቶቹ ከሥራ ውጭ እንኳ ቀስ ብለው ማውራት አይችሉም። እህቴም ቤት ገብታ «ጨው አቀብይኝ» ስትል ጎረቤት ይሰማታል።

እርስ በርስ በስም አይጠራሩም። በዕድሜ የምትበልጣቸውን እናትዬ ይሏታል። ወሬ የማያልቅባትን ሬዲዮ ይሏታል። እህቴ ደግሞ ማናጀር ናት። ይህ ስም የወጣላት የንግድ ትምህርት ቤቱን የመግቢያ ፈተና መጀመሪያ የተፈተነች ጊዜ ነው። ያኔ ለሁሉም ነግራ ነበር። በትንሽ ነጥብ ወደቀች። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ግን ዓመት ሙሉ ባገኟት ቁጥር ያ ነገር ይነሳል።

«ማናጀር፣ ስታልፊ እኔን ጸሐፊ አድርጊኝ እሺ?» ትላለች ሬዲዮ።

«አንቺን ጸሐፊ?» ትላለች እናትዬ። «የድርጅቱ ምስጢር ሁሉ ከምሳ በፊት ገበያ ሊወጣ!»

ሁሉም ይስቃሉ። እህቴም ትስቃለች፤ ቤት ስትገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

ለዚህ ነው ሁለተኛውን ጊዜ ከእኔ በቀር ለማንም ትንፍሽ ያላለችው። «ካለፍኩ ያኔ ይስሙ። ከወደቅኩም አንቺና እኔ እንበቃለን» አለችኝ።

ይህኛው ፈተና ደግሞ የመጨረሻዋ ነበር። ትምህርት ቤቱ የማታውን ክፍል ሊዘጋው ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ የሚቀበለው የቀን ተማሪ ብቻ እንደሆነ በሩ ላይ ለጥፏል። ሆስፒታሉ ማታ ለሚማር ሠራተኛ የቀን ፈረቃ ይሰጣል። ቀን እማራለሁ ለሚል ግን የሚሰጠው መሰናበቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ካልገባች መቼም አትገባም። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ደግመን አላነሳነውም።

ጥናቷ ጥናት አይመስልም። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ አንድ እጇን ብረቱ ላይ አንጠልጥላ ታነባለች። ቤት ስትሆን ድስቱን እያማሰለች እኔ ጥያቄውን አነብላታለሁ። የማነበው ስለማይገባኝ ቶሎ ቶሎ ነው የማነበው።

«አንድ ታንከር በአንድ ቧንቧ በሦስት ሰዓት ይሞላል። ሌላ ቧንቧ ከታች በስድስት ሰዓት ባዶ ያደርገዋል። ሁለቱም ቢከፈቱ… ቆይ እስቲ። የታችኛውን ማን ነው ክፍት የተወው?»

«እታለም፣ እሱ አይጠየቅም።»

«እንዴት አይጠየቅም? ውሃ እየባከነ!»

ሳቋ ይመጣና ማማሰያውን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ትደገፋለች። እኔም እንድትስቅልኝ ሆን ብዬ የማይገባ ጥያቄ እጨምራለሁ። ወደ መጨረሻው ግን ሳቁም እየቀነሰ መጣ። ጥያቄ አንብቤ ቀና ስል ዓይኗ ተከድኖ አገኘዋለሁ፤ እጇ ብቻ ድስቱ ውስጥ ይዞራል።

አንድ ቀን «እዚያ ሥራ ቦታ እንዲህ ቆመሽ ስታንቀላፊ ያ መተኮሻ እጅሽን ይበላዋል» ብዬ ተቆጣኋት።

«እዚያማ ቢደክመኝ እተኛለሁ» አለችኝ። «እናትዬ ያወጣችው ሕግ አለ።»

ሕጉን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ቆማ አንቀላፍታ ጣቶቿ ተቃጥለዋል። ከዚያ ወዲህ አቅም ያነሳት ሁሉ ከማድረቂያው ኋላ፣ ንጹሕ ልብስ በሚቆለልበት ጥግ ትጋደማለች። ከማድረቂያው የወጣ ትኩስ ብርድ ልብስ ያለብሷታል። ድርሻዋን ሌሎቹ ይሠሩላታል። በራሷ ጊዜ እስክትነቃ ድረስ ማንም አይቀሰቅሳትም፤ አለቃው ቢመጣ እንኳ «ሽንት ቤት ሄዳለች» ይሉታል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ከዘመድ ይበልጡብኛል» አለች። እኔም ደስ አለኝ። እኔ በሌለሁበት የሚያለብሳት ሰው አለ ማለት ነው ብዬ።

ለፈተናው ዋዜማ የሌሊት ፈረቃ ደረሳት። አለቃውን ቀይርልኝ አለችው።

«ምክንያት?»

«የቤት ጉዳይ ነው።»

«የቤት ጉዳይ የሌለው ማን አለ?» ብሏት የፈረቃውን ወረቀት አጠፈው። ለእናትዬ ወይም ለሬዲዮ ብትነግራቸው ተሻምተው በቀየሯት። አልነገረቻቸውም።

እንዲህ ተነጋገርን፤ ሲነጋ ከፈረቃ ትወጣለች፣ እዚያው ተጣጥባ በቀጥታ ወደ ፈተናው ትሄዳለች። እኔ ሰማያዊ ጃኬቷን ተኩሼ፣ መታወቂያዋን ይዤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ በር እጠብቃታለሁ። ጃኬቱን የልብስ ሰፊው ደንበኛ ትቶት ከሄደው ጨርቅ እኔው ነኝ የሰፋሁላት።

በጠዋት ደረስኩ። ተፈታኞቹ ከእናት ከአባታቸው ጋር እየመጡ ይገባሉ። አንዷ ወረቀት እያነበበች ከምሰሶ ጋር ተጋጨችና ምሰሶውን «ይቅርታ» አለችው። ሳቅሁ። ይህን ለእህቴ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሰዉ እየሳሳ ሲሄድ ደወልኩላት። ስልኳ ጮኸ ጮኸና ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ዘበኛው አንዱን የበሩን ክንፍ ሲስብ እጄን ብረቱ ላይ አደረግኩ።

«አፈር ስሆን፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ። መንገድ ተዘግቶባት ነው። አሁን ትደርሳለች።»

«እትዬ፣ እኔ በሩን ነው የምዘጋው። ፈተናው በእኔ እጅ አይደለም።»

«እኔ ገብቼ ልለምናቸው?»

«ቢሰሙሽማ ጥሩ ነበር» አለና እጄን ቀስ ብሎ አነሳው። ክፉ ሰው አልነበረም። በሩን ዘጋው።

መተኮሻው በልቷታል አልኩ በልቤ። ሌላ ምንም አልታየኝም። እስከ ሆስፒታሉ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም፤ ጃኬቱን ልጅ እንደ ታቀፈ ሰው ደረቴ ላይ ይዤ የምድር ቤቱን ደረጃ ወረድኩ። ማሽኖቹ ቆመዋል። እዚያ ቤት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሬዲዮ አየችኝ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በእግር ጣቷ እየረገጠች መጣች።

«እሽሽ! በሞቴ ቀስ በይ» አለች በሹክሹክታ። «ተኝታለች።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት እንጂ! ሌሊቱን ስትንገዳገድ አድራ ሊነጋጋ ሲል ‹ትንሽ ጋደም ልበል› አለችና እንደ ድንጋይ ወደቀች። አሳዘነችን። ከፈረቃ ወጥተን እንኳ ጥለናት አልሄድንም፤ የሚቀጥሉትን ሴቶች ለምነን ማሽኑን አስቁመንላታል።»

እናትዬ ከጥጉ ብቅ አለች። ፊቷ ልጅ እንዳስተኛች እናት በርቷል።

«የሷን ድርሻ አጠፍንላት» አለችኝ። «ሁሉንም። ስልኳ ደግሞ ሲጮህባት ጊዜ እንዳይቀሰቅሳት ብዬ አጠፋሁላት። እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም፣ ልጄ። ትጠግበው።»

ከዚያ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ነጭ አንሶላ ቁልል ላይ፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ተኝታለች። ሕፃን ሆና እንዲሁ ነበር የምትተኛው። ብርድ ልብሱን ዳር ዳሩን አስገብተውላታል። ከአሁን በኋላ ብቀሰቅሳት ምን ልላት ነው? አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ቀጥሎ ጃኬቱን። ፊቷ ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ብድግ ብላ ስልኳን ፈለገች፤ አገኘችው፤ ጨልሟል።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

የመለሰችው ሬዲዮ ናት።

«ምን አስቸኮለሽ፣ ማናጀር! ሁሉን ጨርሰንልሻል። ቀኑ ያንቺ ነው፤ እንደ ልብሽ ተንፈላሰሺበት።»

ሳቁ። ደክሟቸው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነው የሳቁት። ወደ ቤታቸው መሄድ ሲገባቸው እሷን ሲጠብቁ ነው የዋሉት። እህቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። አፌን ልከፍት ስል እጄን ጨብጣ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ።

«አመሰግናለሁ» አለች። «እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር?»

እናትዬ ግንባሯን ሳመቻት።

ውጭ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። እህቴ «በረደኝ» ብላ ጃኬቱን ለበሰችው። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ዞር ብላ ሳታየኝ «እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። «እናትዬ ብትሰማ አትችለውም።»

«አንቺስ ትችይዋለሽ?»

የጃኬቱን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች። ጠላት ቢሆኑ እንኳ ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር። የምቆጣበት ሰው አጣሁ፤ ያ ነው የገደለኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ጥግ ጋደም ብላ አታውቅም። ቢደክማት ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ መትታ ትመለሳለች። ብርድ ልብስ ይዘው ሲመጡ «አልደከመኝም» ትላቸዋለች። የሚሠሩላትን ነጥቃ ራሷ ትሠራዋለች። ሴቶቹ መጀመሪያ ቀለዱ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ «ኮራችብን» ማለት ጀመሩ። ማናጀር የሚለውም ስም ቀረ።

በቀደም እናትዬ የሥራ ኮቷን ቁልፍ ላስተክል ብላ እኔ ያለሁበት መጣች። እዚያ ሰፈር ስንት ልብስ ሰፊ እያለ ለቁልፍ ብላ እንዳልመጣች ገባኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ታላቋ ነሽና ንገሪኝ። ምን አጠፋን?»

«ምንም አላጠፋችሁም፣ እናትዬ።»

«ታዲያ ለምን ራቀችን?»

«ደክሟት ነው።»

«ከደከማት» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ «ከደከማት ታዲያ ለምን አትተኛም?»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ኮቷን አቀበልኳት።