ለዘይነባ አባት የነገርኳቸው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ አልፌያለሁ። አሁን ግን መሸከሙ ደከመኝ።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ባልደረባዬ የሴል ኒውክሊየስ ያጠና ነበር፤ ዘረመሉ ኒውክሊየሱ ውስጥ መሀል ላይ ይቀመጥ ወይስ ዳር ዳሩን፣ በማይክሮስኮፕ ከተነሡ ፎቶዎች ማወቅ ይፈልግ ነበር። የኒውክሊየሱን ጠርዝ የሚለይ ፕሮግራም እንድሠራለት ለመነኝ። ክረምቱን ሙሉ ታገልኩ፤ ፕሮግራሙ የተደራረቡትን ኒውክሊየሶች እንደ አንድ እየቆጠረ አስቸገረኝ።

በመጨረሻ የሠራችው ተማሪዬ ዘይነባ ናት። ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት፣ የቢስቲማ ገበሬ ልጅ። ባልደረባዬ በደስታ ሲያቅፈኝ «እሷ ናት» አልኩት፤ ያን ያህል ሐቀኛ ነበርኩ። ውስጤ ግን ቆሰለ።

ሥራውን አዲስ አበባ ሄዶ የሚቀጥል አንድ ተማሪ ምረጥ ተባልኩ።

«ዘይነባ ናታ!» አለ ባልደረባዬ።

«አባቷ አይለቋትም፤ ደግሞም ልትዳር ነው» አልኩት።

ማን ነገረኝ? ማንም። እሷን ጠየቅኳት? አልጠየቅኳትም። እኔ ነኝ ፈጥሬ ያወራሁት። ወንድ ተማሪ ተላከ።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ አገኙኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መምህር፣ አክስቷ ዘንድ ማረፊያ አሰናድቼላት ነበር። ወላሂ አልከለከልኳትም። ልጄ ምን ጎደላት?»

እዚያ ላይ ከውሸቴ መመለስ እችል ነበር።

«አባባ፣ ጎበዝ ናት፤ ግን ይህ ሥራ ከአቅሟ በላይ ነው» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «አላህ ይስጥዎ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን!

ዘይነባ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጨርቅ ልገዛ ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ እሷ ነበረች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለችኝ፣ አጠገቧ ለቆመችው ልጇም «መምህሬ ናቸው» አለቻት።

«ይቺ ደግሞ ኮምፒውተር ካልተማርኩ እያለች አስቸገረችኝ። ለእኛ ቤት አይሆንም፣ እኔም ሞክሬ አቅቶኛል ብላት አትሰማም። እርስዎ ያውቁት የለ? እስቲ ይንገሩልኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«እናትሽን ስሚ» ብያት ወጣሁ።

የልጅነት ስሕተት ነው አልልም፤ ያኔ ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። ዘመኑ ነው፣ ሁሉም እንዲያ ያስብ ነበር አልልም፤ ባልደረባዬ እንዲያ አላሰበም። እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ሱቁ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። እስካሁን ግን አልተመለስኩም።