የአባቴ ሞተር ፍሬን

ትናንት አዳማ አንድ ሆቴል በር ላይ፣ ግራና ቀኟ ሳጥን የተገጠመላት የረጅም መንገድ ሞተር ቆማ አየሁ። የጋለ ዘይት ሽታዋ አባቴን አመጣብኝ።

አባቴ ቀኝ እግሩ አይታዘዝለትም ነበር። አሮጌ ሞተሩን ለሻሸመኔ መንገድ ሲያበጃት አራት ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ ሁለቱንም ፍሬን ከመቀመጫው ሥር በእጅ ከሚሳብ ማንሻ ጋር አሰራቸው፤ የእግር ፔዳሉ እግር ማሳረፊያ ብቻ ሆነ። ከዚያ ቤንዚን መያዣውን አሳደገው፤ በመጨረሻ ለእናቴ ሰፊ መቀመጫ ሠራላት።

ሠርቶ በጨረሰ ሳምንት የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣና «ለሰፊው ሕዝብ ሥራ ትፈለጋለች» አለ። አባቴ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠው። ሰውየው እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ወደ ወንጂ ቁልቁለት ሲነዳ፣ ልጮህ ስል አባቴ ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት እጁ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አባባ፣ ፍሬኑን አልነገሩትም እኮ።»

«የማን ናት ብሎስ መቼ ጠየቀኝ» አለኝ።

ሊቀመንበሩ ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ትናንትም ሆቴሉ በር ላይ አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ ሞተር ባየ ቁጥር የሚጠይቀውን ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ የዚችስ ፍሬን የት ጋ ነው?»

እያወቅሁ አላውቅም አልኩት።